ከነገረ ፈጅነት ወደ ሪስክ ማኔጅመንት ኃላፊነት፦ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው አለ?

የጠባሴው

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የተማርኩት ሕግ ነው። ሁለት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ነገረ ፈጅ አድርጎ ቀጠረኝ፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ቢሮዬ ደብረ ብርሃን ይሁን እንጂ መዝገቦቼ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ ይደርሳሉ። ውል አረቅቃለሁ። መያዣ አስመዘግባለሁ። ያልከፈለ ሲኖር ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ፣ ካልሆነም እከሳለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። የትኛው ዳኛ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈልግ ሁሉ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ጠርተው የሪስክ ማኔጅመንት (የስጋት አስተዳደር) መምሪያውን ምራልን አሉኝ። የነበረው ኃላፊ ለቋል። «አንተ ጠንቃቃ ሰው ነህ» ነው ያሉኝ። ጠንቃቃ መሆኔ እውነት ነው። ግን ጥንቃቄ ብቻውን ሙያ ይሆናል?

የሚያስፈራኝን በግልጽ ልናገር። አንደኛ ቁጥሩ። አንድ ብድር 90 ቀን ካለፈው እንደተበላሸ እንደሚቆጠር አውቃለሁ፣ እሱ ክሱ ወደኔ የሚመጣበት ጊዜ ስለሆነ። ከዚያ ውጭ ስብሰባ ላይ ሊኪዲቲ፣ ስትረስ ቴስት፣ ምናምን ሲባል አንገቴን ደፍቼ ማስታወሻ ነው የምጽፈው። ሁለተኛ ደግሞ ከሕጉ ርቄ ብሄድና ባይሳካልኝ መመለሻ አለኝ ወይ? ባለቤቴ አስተማሪ ናት። «አምስት ዓመት ቆይተህ ብትመለስ ችሎቱ ይረሳሃል» ትለኛለች። አባባሏ ከበደኝ።

አባቴ ደነባ ነው ያለው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው። ስለ አዲሱ ሥራ ላስረዳው ሞከርኩ። ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ታዲያ ነገሩ ሳይፈጠር ነው የምትሸመግለው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ የምሰጠው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በዚህ በኩል ያለፈ ሰው ካለ ያለፈበትን ይንገረኝ።


ብድር ክፍል፣ ሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ እኔ ሪስክ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ቅርንጫፍ ላይ ያለሁ የብድር ባለሙያ ነኝ። ከኛ በኩል ያለውን ልንገርህ።

እኛ ሪስክን የምናውቀው በደብዳቤ ነው። ከላይ ይመጣል፣ «አይቻልም» ይላል፣ ያበቃል። የጻፈው ሰው ሽንኩርት ተክሎ አያውቅም። አንድ ዓመት በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች ብድር ጠየቅን። ሪስክ ይየው ተባለ። አምስት ሳምንት ቆየ። መጨረሻ ላይ ተፈቀደ። ግን የችግኝ ማዛወሪያው ጊዜ አልፎ ነበር። ገበሬዎቹ ምን አደረጉ መሰለህ? ከነጋዴ በአራጣ ወሰዱ፣ ሽንኩርቱ ሳይደርስ በማሳው ላይ እያለ ሸጡለት። ብራችን ካዝና ውስጥ ተቀመጠ፣ ደንበኞቻችን ግን ሄዱ።

ይሄ ኪሳራ የትም ሪፖርት ላይ አልተጻፈም። የተበላሸ ብድር የለማ! ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ነን።

ስለዚህ ከተቀበልከው አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በመጀመሪያው ወር ቢሮ አትቀመጥ። ና፣ ሮቢት ገበያ ላይ ሽንኩርትና ማሾ በስንት እንደሚሸጥ በዓይንህ እይ።


ወለተ ሞላሌ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የሕግ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ነገረ ፈጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሪስክ ውስጥ ደግሞ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከቁጥሩ አልጀምርም። ቁጥር ይለመዳል። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው።

ነገረ ፈጅ ሳለሁ በጣም የምኮራበት አንድ ውል ነበረኝ። የቡድን ብድር ውል ነው። ሰባት ገበሬዎች አብረው ይበደራሉ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፣ ኃላፊነታቸው በአንድነትም በነጠላም ነው። አንዱ ባይከፍል ስድስቱን ትጠይቃለህ። እያንዳንዷን አንቀጽ ያረቀቅኳት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት ቀርቦ አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም።

አንድ ጥቅምት ላይ ባሶና ወራና ውስጥ ውርጭ ወረደ። የአገራችንን ውርጭ ታውቀዋለህ። ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ነፋስ የለም፣ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ለብሶ ታገኘዋለህ። ባቄላው ገና እሸት ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ከቅርንጫፉ ተደወለልኝ፤ ውሎቹን ይዘሽ ነይ ተባልኩ። ይዤ ሄድኩ። ሰባ የሚሆናቸው አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ምንም ሳይናገሩ አንዲት እሸት ቀነጠሱ፣ ጥፍራቸውን ሰክተው ፈለቀቋት። ውስጧ ጠቁሮ ውኃ ቋጥሯል። እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አባባ፣ ዋስዎ ማን ነው?» አልኳቸው። ከውሉ ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። ወዲያ ማዶ የቆመውን ጎረቤታቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ያውልሽ። እሱ የኔ ዋስ ነው፣ እኔም የሱ። ማሳችንም ይዋሰናል» አሉኝ።

ወንድሜ፣ እኔ ሪስክ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ውሉ ላይ ስሕተት የለም። ዛሬም ፍርድ ቤት ብወስደው እረታለሁ። ግን ሰባቱም ዋሶች የወደቁት በአንድ ሌሊት ነው። አንዱ በሬ ቢሞትበት፣ አንዱ ቢታመም ውላችን ይሠራል። ሰማዩ ሁሉንም አንድ ላይ ሲመታቸው ግን ዋስትናው ዋስትና መሆኑ ይቀራል። በሕግ ትምህርት ቤትም ሆነ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ይህን ያስተማረኝ አልነበረም። ችግሩ የቱ መዝገብ ውስጥ ነው ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም። በመዝገቦቹ መካከል ነው ያለው።

እኛ የሕግ ሰዎች አንድን መዝገብ ለብቻው አውጥተን መመርመር ነው የተማርነው። ሪስክ ላይ መንጋውን ነው የምታየው። አንዲት በግ ብታስል መድኃኒት ትሰጣታለህ። መንጋው ሁሉ ሲያስል ግን የዋለበትን ግጦሽ ሄደህ ታያለህ።

ሌላም ልጨምርልህ። ሪስክ ክፍል በገባሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። የአይሱዙ ብድር ነበረን። ሊብሬው እኛ ጋ ነው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ የባልና የሚስት ፊርማ ተሟልቷል። ለአንዱም ፋይል እንከን አታወጣለትም። ግን መኪኖቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በጣርማበር በኩል ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ነበር የሚመላለሱት። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቆሙ። ያን ጊዜ እኔም ቀድሜ አላየሁትም። ከባቄላው ተምሬ ለመኪናው አላዋልኩትም። እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ማንኛውንም የብድር ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን አንድ ላይ ሊወድቁ የሚችሉት በምንድን ነው?» ብዬ ነው። አንዳንዴ መልሱ ውርጭ ነው። አንዳንዴ መንገድ ነው። ቆርምድ የሚባለው የባቄላ በሽታም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዕቃ ለሚያስመጡት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለ ዕለት ነበር።

ሁለተኛው የከበደኝ ነገር ማስረጃ ነው። ችሎት ፊት ማስረጃ የሌለው ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ጠበቃ ያላረጋገጠውን አይናገርም፤ ጥሩ ጠባይ ነው። ሪስክ ላይ ግን ማስረጃው እስኪሟላ ከጠበቅህ ብሩ ሄዷል። ገና ያልሆነን ነገር ነው የምትናገረው። «ይህ የመሆን ዕድሉ ከአሥር ሦስት ነው፣ ከሆነ ግን ይህን ያህል ያስወጣናል» ማለትን መልመድ አለብህ። መጀመሪያ ላይ ስናገር የሐሰት ምስክር የሆንኩ ያህል አፌ ይያያዝ ነበር። ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሦስተኛው አጻጻፍ ነው። የመጀመሪያውን የቦርድ ሪፖርቴን አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል፣ ይሁን እንጂ፣ ሆኖም ግን። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ እናበድር ወይስ አናበድር?» አሉኝ። ሪፖርቱ ውስጥ መልሱ አልነበረም። አሁን አንድ ገጽ ተኩል ነው የማቀርበው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ነው።

ሸዋ ሮቢት ያለው ወንድማችን ያለውንም ያዝ። «አይቻልም» ብሎ መጻፍ ለኛ ለሕግ ሰዎች ቀላል ነው። እኔ አሁን «አይቻልም» ስል ቀጥዬ በምን ቢሆን እንደሚቻል ሳልጽፍ አልፈርምም። ለባቄላው ገበሬዎች ብድር አልከለከልንም። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ሰብል ላይ የምናበድረው ጣሪያ አበጀንለት። አንዱ ቡድን ውስጥ በግ የሚያደልብም፣ ገብስ የሚያመርትም፣ ንግድ ያለውም እንዲገባ አደረግን። ከደጋው ጋር ቆላውንም አሰፋን። ደጋውን ውርጭ ሲመታው ቆላው ይተርፋል።

ቁጥሩን በተመለከተ። አትፍራው። የሚያስፈልግህ አብዛኛው ማካፈልና ማባዛት ነው፣ ኤክሴልም በሦስት ወር ይለመዳል። ሊኪዲቲን ለራሴ ያስረዳሁት በአገራችን ዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር ላይ ምርት ተሽጦ ቁጠባ ይገባል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሰው ለማዳበሪያና ለዘር ያወጣል፣ መስከረም ላይ ለልጆች ትምህርት ቤትና ለበዓል። አንተ ደግሞ በጥር የገባውን ብር ለሦስት ዓመት አበድረኸዋል። ሐምሌ ላይ ደብተሩን ይዞ ለቆመው ሰው ምን ትሰጠዋለህ? ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቀመር ይህንኑ ጥያቄ በወር በወር ከፋፍሎ የሚያይ ነው።

ደግሞ ከባዶ አትጀምርም። ብሔራዊ ባንክ በ2002 ለባንኮች ያወጣው የሪስክ ማኔጅመንት መመሪያ አራት ዓይነት ስጋት ይዘረዝራል፦ የብድር፣ የሊኪዲቲ፣ የገበያና የአሠራር። መጀመሪያ እሱን አንብብ። የባዝል ኮሚቴ የሚባለው ዓለም አቀፍ የባንክ ተቆጣጣሪዎች ኮሚቴ የአሠራር ስጋትን ሲተረጉም የሕግ ስጋትን እዚያው ውስጥ ያስገባዋል። አንድ እግርህ ድሮም ውስጥ ነበር ማለት ነው። ፈርሞ ያልከፈለን ሰው፣ ያልተመዘገበን መያዣ፣ ሚስት ያላወቀችውን ዋስትና ከአንተ በላይ የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ አታገኝም።

አባትህ የጠየቁህን ግን በጣም ወደድኩት። አዎ በላቸው። ነገሩ ሳይፈጠር ነው የምትሸመግለው።

አንድ ነገር ሳታረጋግጥ እንዳትፈርም፦ ተጠሪነትህ ለማን ነው?


የጠባሴው

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የባቄላውን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ዝም አለች። እኔ ራሴ ያንኑ የቡድን ውል ነው ዘጠኝ ዓመት የምጠቀመው። ማታ ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁት። አንድ ቀበሌ ላይ ብቻ ዘጠኝ ቡድን አለ። ሁሉም ባቄላ።

ስለ ተጠሪነቱ ለጠየቁኝ፣ ለሥራ አስኪያጁ ነው የተባልኩት። ሌላም ያልነገርኳችሁ አለ። ሰው እስኪገኝ የሕግ አገልግሎቱንም ደርበህ ያዝ ብለውኛል። ደመወዙ ላይ ጭማሪ አለው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፣ መመለሻዬ እዚያው ይቆይልኛል ብዬ። እንዴት ታዩታላችሁ?


የውስጥ ኦዲተር

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። አትደርብ።

ነገሩን በሦስት መስመር እየው። ብድር የሚሰጠው ቅርንጫፍ የመጀመሪያው መስመር ነው። የሚከታተለውና የሚሞግተው ሪስክ ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም የምንመረምረው እኛ ኦዲቶች ሦስተኛው ነን። አንተ ጠዋት ውሉን አርቅቀህ ከሰዓት የውሉን ስጋት ልትገመግም ነው። እኔ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ መጥቼ አንድ ሰው ራሱን ሲያመሰግን የጻፈውን ላነብ ነው።

ቤሪንግስ የሚባል ከ1762 ጀምሮ የነበረ የእንግሊዝ ባንክ በ1995 (በፈረንጅ) የወደቀው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ሲንጋፖር ያለ አንድ ሰው ግብይቱንም ይፈጽማል፣ የግብይቱን ሒሳብ የሚያወራርደውንም ክፍል ይመራል። ኪሳራውን ደብቆ ደብቆ 827 ሚሊዮን ፓውንድ አደረሰው። አንተ ትደብቃለህ ማለቴ አይደለም። ታማኝ ሰውም የራሱን ሥራ ጉድለት ማየት ይቸግረዋል።

ተጠሪነትህን በተመለከተ፣ ለዕለት ሥራው ሥራ አስኪያጁ ቢሆኑ ችግር የለውም። ሪፖርትህ ግን በቀጥታ ለቦርዱ የሪስክ ኮሚቴ መግባት አለበት። ከኃላፊነት የሚያነሳህም ቦርዱ ይሁን። ይህ በቃል ሳይሆን በሹመት ደብዳቤህ ላይ ይጻፍ። ነገረ ፈጅ ነህ፣ የቃልና የጽሑፍ ልዩነት ላንተ አይነገርም።

ወለተ ሞላሌ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እሷ ቁጥሩን ትንሽ አቀለለችው። ኤፍአርኤም የሚባለውን የሪስክ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ፈተና ቢወስድ ጥሩ ነው። ሁለት ክፍል ነው። ከባድ ነው፣ ግን ስብሰባ ላይ አንገቱን ከመድፋት ያድነዋል።


ወለተ ሞላሌ

ስለ መደረቡ ኦዲተሩ ያለውን እፈርምበታለሁ። እኔ የራሴን ውል ነው አሥራ አንድ ዓመት ሳላየው የኖርኩት።

በፈተናው ላይ ግን አልስማማም። ይውሰደው፣ ግን በመጀመሪያው ዓመት አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት ከብድር ባለሙያዎች ጋር መንገድ ላይ ያሳልፈው። ፈተናው ብዙ የሚያወራው በፋይናንስ ገበያ ስለሚሸጡት ስለ ቦንድና ስለ ኦፕሽን ነው። ዘጠኝ የባቄላ ቡድን ያለበት ቀበሌ ግን ዘንድሮ ጥቅምትን እየጠበቀ ነው።

ስለ መመለሻህ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ባለቤትህ የሰጋችው ልክ ነው። ችሎት ይረሳል። እኔን ረስቶኛል። አንዳንዴ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል፣ አልዋሽህም። እንድትቀበለውም እንድትተወውም አልገፋህም። ግን ያን ዝርዝር ማታ አውጥተህ አየኸው አይደል? ማንም ሳያዝህ።


ብድር ክፍል፣ ሸዋ ሮቢት

እኔም አለሁበት። እዚህ ቆላው ላይ ቡድን የምታደራጁ ከሆነ ማን ምን እንደሚያመርት ቀበሌ በቀበሌ የያዝኩት ደብተር አለ። የመሥሪያ ቤት አይደለም፣ የራሴ ነው። ብትመጣ አሳይሃለሁ።


የጠባሴው

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ደርቤ አልይዝም አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ሐሙስ ሕጉን አብራኝ ለምትሠራው ልጅ አስረክብ ተባልኩ። የመደረቡ አበል ቀረ። የቦርዱ ኮሚቴ ነገር ደብዳቤው ላይ አልነበረም፣ መልሼ ላክሁት። ትናንት ተስተካክሎ መጣ። ፈርሜያለሁ።

እሑድ ደነባ እወርዳለሁ። አባቴን የምጠይቀው ነገር አለኝ። ልጅ ሳለሁ ውርጭ ሲመጣ መጀመሪያ የትኛው ማሳ እንደሚመታ ያውቅ ነበር፤ ረባዳው ቀድሞ ይሄዳል፣ ተዳፋቱ ይተርፋል እያለ ሲያወራ እሰማ ነበር። አንድ ደብተር ገዝቻለሁ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ወደ ሮቢት እመጣለሁ ወንድሜ፣ ደብተርህን አዘጋጅልኝ።